የልጆቹ ሰዓትና የሽማግሌዎቹ ወንበር

ቅዳሜ፣ ጥር 14 ቀን 1980 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ዛሬም የቴሌቪዥኑን የልጆች ፕሮግራም ያዩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። የቀበሌው አዳራሽ ወንበር ጥቂት ነው፤ ታላቅ ቆሞ ታናሽ አይቀመጥም። ሊቀ መንበሩም «ሕፃናት ይረብሻሉ» ብለው እኛን ውጭ አስቀሩን። ተረት ነጋሪው «ልጆች፣ እንደምን ናችሁ?» ሲል ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «እግዜር ይመስገን!» «አልሐምዱሊላህ!» ይላሉ። እኛ መስኮቱ ላይ አፍንጫችንን ደፍጥጠን እንጋፋለን።

ያንገበገበችኝ ግን ዘሀራ ናት። አያቷ ሼህ ይመር ዓይነ ስውር ስለሆኑ፣ የሚታየውን እንድትነግራቸው ከፊት አጠገባቸው ትቀመጣለች። ዞር ብላ ምላሷን አወጣችብኝ። ስትወጣም «ጥንቸሏ እንዴት እንዳመለጠች ብታዪ!» አለችኝ። አላየሁማ! የንስሐ አባታችን ቅናት ኃጢአት ነው ይላሉ፤ እሳቸው ምን አለባቸው፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበሩ።

እራት ላይ የእኔን አያት «አባባ፣ ዓይንዎን አያምዎትም?» አልኳቸው።

«ተመስገን! ተንኮልሽን ጭምር አጥርቼ አያለሁ።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጆሮዎስ?» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

ተስፋ አለኝ።