ለበሽታዬ አራት ስም ላወጣልኝ ክፍል

ለተከበሩ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እያልሁ፣ ፈጣሪ እርስዎንና ቤተሰብዎን ከደዌ ሁሉ እንዲጠብቅልኝ፣ የግድ መታመም ካለብዎም ሐኪሞች ሁሉ አይተው በአንድ ቃል የሚስማሙበትን፣ ለምሳሌ የእግር ስብራትን፣ እንዲያደርግልዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ በዚሁ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ካቻምና ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዝሁ እንባዬ ያለምክንያት ይወርድ ጀመር፤ እንቅልፍም ራቀኝ፤ ማንም ሳይጎትተኝ በእግሬ ወደ እርስዎ ክፍል መጣሁ። ባለቤቴ መስዑድ በሽታዬ ምን እንደሆነ እስኪታወቅ ብሎ የስድስት ዓመት ልጃችንን ሱምያን ወረታ እናቱ ዘንድ አስቀመጣት። እስኪታወቅ ነው ያለው፣ እስክድን እንኳ አላለም። ይህን ያህል ጥያቄ ለእርስዎ ክፍል ቀላል መስሎን ነበርና፣ የደረሰብኝን በቅደም ተከተል ሳቀርብ በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

፩ኛ. የመጀመሪያው ሐኪምዎ ድባቴ ነው አሉኝ። በሽታዬ ስም በማግኘቱ ደስ አለኝ። አማቴም ድባቴ ከሆነስ ይለቃል፣ ለዒድ ልጅሽን ትወስጃለሽ አሉኝ። መድኃኒቱ ሠራ፤ ዒድ ሲቃረብ ግድግዳውን በሙሉ ቀለም ቀባሁ፣ መጋረጃ አጠብሁ፣ የልጄን አልጋ አስጠገንሁ። ይህንንም ሐኪሜ ይደሰቱልኛል ብዬ ልነግራቸው ብመጣ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው በወንበራቸው ሌላ ሰው ተቀምጠው አገኘሁ።

፪ኛ. እኒህ ሁለተኛው ሐኪም ቀለም መቀባቴን እንደሰሙ ባይፖላር ነው፣ ድባቴና ከልክ ያለፈ ደስታ የሚፈራረቁበት በሽታ ነው አሉ። ለምን እንደቀባሁ አልጠየቁም። በእኛ ሰፈር ለዒድ ቤቱን የማይቀባ የለምና፣ መድኃኒቱን በጅምላ አምጥተው ለመንደሩ ሁሉ ቢያድሉልን ትልቅ ውለታ ነበር። ሐኪሙ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያን ሰሞን የነበረኝ ደስታ የጤና ይሁን የበሽታ ዛሬም አላውቅም፣ አለማወቄም ያስፈራኛል። እኔን ያስጠላኝ ሳይጠይቁ ማወቃቸው ነው። አማቴ ግን አዲሱን ስም ሲሰሙ ደነገጡ፤ ልጄም ለዒድ ሳትመጣ ቀረች።

፫ኛ. ሦስተኛዋ ሐኪም መድኃኒቴን በሁለት ጣት አንጠልጥለው፣ ይህን ደግሞ ማን ሰጠሽ አሉኝ። በዚያው መድኃኒት እጄ እየተንቀጠቀጠ ሰሌዳ ላይ የጻፍሁትን ተማሪዎቼ ማንበብ አቅቷቸው ነበር። ጭንቀት ብቻ ነው፣ ሐይቁ ዳር ተንሸራሸሪ ብለው አሰናበቱኝ። እንደታዘዝሁት ስንሸራሸር ሁለተኛውን ሐኪም ዓሣ ሲበሉ አገኘኋቸውና እጅ ነሣሁ፤ ማን እንደሆንሁ አላስታወሱም። አማቴ ደግሞ ጭንቀትማ ማን የሌለበት አለ፣ እስከዛሬ ስታታልይን ኖረሻላ አሉኝ። ሲያመኝ አደገኛ፣ ሲሻለኝ ውሸታም ሆኜ አረፍሁት።

፬ኛ. አራተኛው ሐኪም ሦስተኛዋን አስጠርተው ከፊቴ በእንግሊዝኛ ተከራከሩ። እሳቸው ስሜቷን የሚያዛባው የእንቅርት ዕጢዋ ይሆናል ሲሉ፣ ሦስተኛዋ የለም ድራማ ነው፣ መታየት የምትወድ ዓይነት ነች አሉ፤ ሁለቱም ሳቁ። ኬሚስትሪን ዓመቱን ሙሉ የማስተምረው በእንግሊዝኛ መሆኑን የጠየቀኝ አልነበረም። ክቡር ሆይ፣ ያን ዕለት ተጸየፍኋችሁ። በጨዋ አማርኛ ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁለት። እንቅርቱን እንኳ ለማረጋገጥ ደሜን ልስጥ ብል መመርመሪያው አልቋል ተባልሁ።

፭ኛ. በመጨረሻ የባለቤቴ ቤተሰብ ሩቅያ፣ ማለትም ለፈውስ የሚነበብ ቁርኣን፣ ይቀራልኝ ዘንድ ወደ አንድ ሽማግሌ ሸይኽ ወሰዱኝ። ቀርተው ሲጨርሱ፣ የኔ ልጅ ምንሽ እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ ከሐኪም አትራቂ አሉኝ። አላውቅም የሚል ሰው በማግኘቴ እዚያው ተቀምጬ አለቀስሁ።

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። ሐኪሞችዎን በአንድ ክፍል ያስቀምጡልኝና እኔንም እየጠየቁኝ ይስማሙ። መስማማት ካልቻሉም ለአማቴ በአማርኛ፣ በሽታዋን ገና አላወቅነውም፣ የእኛ አለማወቅ ግን ልጅ አያስነጥቅም ብላችሁ ንገሩልኝ። የሚነግራቸው ሰው ካገኘሁ ስሙን ቀስ ብላችሁ ብትደርሱበት እታገሣለሁ።

እስከዚያው በየቀጠሮው አዲስ ፊትና አዲስ በሽታ ስላላጓደሉብኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንሁ፣ የትኛውን መድኃኒት እንደምውጥና የትኛውን እንደምጥል የሚነግረኝ አጥቼ ሁሉንም መሳቢያ ውስጥ በክብር ያስቀመጥሁ፣

የክፍልዎ ታማኝ ደንበኛ
ሸሪፋ ሙሀመድየሱፍ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ዓርብ ልጄ ከወረታ ደውላ፣ እማ ዛሬስ ምን ነሽ አሉሽ ብላ ጠየቀችኝ። እናትሽ ነኝ አልኋት። በዚህ የማይስማማ ባለሙያ ካለዎት፣ ልጅቷ ቃሌን አምና ሳትቀር ቶሎ ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል።