የእናታችን ድምፅ የነበረበት ኮምፒውተር

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? ያ ባለፈው የጻፍክልኝ የወገብ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ከአልጋ ስትነሣ ግድግዳ ትደግፋለህ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? አማትህስ ያ ዓይናቸው እንዴት ሆነላቸው? ሁላችሁንም በጤና ያቆያችሁ። እኔ፣ አለሁ ማለት ከተቻለ፣ አለሁ። ጉልበቴ ገና ደረጃ ሲያይ ይጮኻል፤ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት መነጽር በመነጽር ላይ እደርባለሁ፤ ከዚህ በቀር አልጋ ላይ የሚጥል ሕመም የለብኝም።

ይህ አራተኛው ወረቀት ነው። ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ። እጄን ታውቀዋለህ፤ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ፊደል የቆጠረች ሴት እጅ ነው፣ መስመር ይስታል። የቀደድኳቸው ግን ስለ ጽሕፈቱ አይደለም። በመጀመሪያው ወረቀት ጥፋቱ የእህታችን ሆኖ ተገኘ፣ በሁለተኛው የኮምፒውተር ጠጋኙ፣ በሦስተኛው ያንተ። በዚህኛው እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

የእናታችን ድምፅ ጠፍቷል። ለአንተ ብላ የተናገረችው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ላኪልኝ እያልክ ስትለምነኝ የነበረው፣ የለም። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ቤቱን መካፈላችንን ጽፌልህ ነበር። እናታችን ካረፈች በዓመቱ እኔና መካከለኛዋ እህትህ በአንድ በር መውጣትና መግባት አቃተን። ሸምጋዮቹ መጡና ሳሎኑ መሀል ግድግዳ ይቁም አሉ፤ ቆመ። መንገዱን የሚያየው ለእኔ ሆነ፣ ልብስ ስለምሰፋ ደንበኛ የሚገባበት በር ያስፈልገኛል። ጓሮውን የሚያየው ለእሷ ሆነ፣ የሰው ልብስ አጥባና ተኩሳ ስለምታድር ውኃና ማስጫ ያስፈልጋታል። አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ድስት፣ ጭልፋ ሳይቀር ተካፈልን። ወንበሮቹ አምስት ስለነበሩ አምስተኛው ውጭ ዝናብ ሲመታው ከረመ። እሷም አልተወችልኝም፣ እኔም አልተውኩላትም።

ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር ሳይከፈል የቀረው። ስትሄድ ጥለኸው የሄድከው፣ ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራው ግራጫው። እኔ ጋ ነበር የሚቀመጠው። እህታችን የልጅ ልጆቿን ፎቶ የምታኖርበት ብላ ግማሹ የእኔ ነው አለች። እኔ ደግሞ የእኔን ነገር እየከፈተች እንድታይ አልፈልግም አልኩ። በዚህ የተነሣ ስንት ወር በሸምጋይ ስንነጋገር ከረምን።

እመንገዱ ጥግ ላይ ሬዲዮና ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አለ፤ ከቅጥነቱ የተነሣ ሰው ሁሉ ሽቦው ነው የሚለው። አንድ ቀን ሱሪውን እንዳጠብብለት ይዞ መጥቶ ይህን ጣጣ ሰማና ሳቀብኝ። እማማ፣ በዚህም ይጣላል እንዴ ሰው፣ ሃርድ ዲስኩን ለሁለት እከፍልላችኋለሁ፣ ልክ እንደ ቤታችሁ፤ ያንዷን ክፍል ሌላዋ እንዳትከፍት የየራሳችሁን ቁልፍ እሰጣችኋለሁ፣ ከዚያ ሳጥኑን በየሳምንቱ መቀባበል ነው አለኝ። ክፍሎቹ ስም አላቸው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሲ እና ዲ ነው የሚባሉት አለ። ትልቋ ማናት አልኩት። ሲ ትቀድማለች ቢለኝ፣ እንግዲያው ሲ የእኔ ናት፣ ታላቅ ነኝ አልኩ። ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

ለምን እሺ እንዳልኩ ልንገርህ፤ ለእህታችን አዝኜ አይደለም። የእናታችን ድምፅ የተቀመጠው ሲ በሚለው በኩል ነው ብሎኝ ነበር። ግድግዳው ከቆመ በኋላ ድምፁ በእኔ ወገን ይቀራል፣ ቁልፉም በእኔ እጅ ይሆናል። የፈለገ ሰው ደጄ ድረስ መጥቶ ይሰማል ብዬ ነበር። አንተንም ጨምሮ። ላኪልኝ ባልክ ቁጥር መስመሩ ይቆራረጣል፣ ፋይሉ ትልቅ ነው እያልኩ የጻፍኩልህ ውሸት ነው። ለቀብሯ ያልመጣ ሰው ለድምፅዋ ይምጣ ብዬ ነው የያዝኩብህ።

ሽቦው ሥራውን ሳይጀምር ሁለት ነገር ጠየቀኝ። የመጀመሪያው፣ እማማ፣ ዲስኩ አሮጌ ነው፣ ስንከፍለው ዕቃውን ሁሉ ወደ አንድ ጎን እየገፋን ነው፣ መሀል ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር የተገፋው ይበተናል፤ እንዳይጠፋብኝ የሚሉት ነገር ካለ ግልባጭ አለው ወይ አለኝ። ሁለት ቦታ አለኝ አልኩት። እውነትም ሁለት ቦታ አንብቤ ነበር። ኮምፒውተሩ ገና ሲከፈት ፊት ለፊት የእማዬ ድምፅ የሚል አለ፤ ውስጥ ደግሞ ያንተን ፎልደር ስትከፍተው የእማዬ ድምፅ የሚል ሌላ አለ። ፊደል በፊደል፣ ጣቴን እያስከተልኩ ነው ያነበብኩት። ለማንኛውም ፍላሽ ያምጡና ልገልብጥልዎ ቢለኝ፣ አያስፈልግም፣ ማንበብ እችላለሁ እኮ አልኩት። ስለው ደረቴን ነፍቼ ነበር። ደግሞም ፍላሽ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፤ ከእኔ ኪስ ወጥቶ ማን ኪስ እንደሚገባ አይታወቅም ብዬ ፈራሁ።

ፊት ለፊት ያለው ጥግዋ ላይ ትንሽ የታጠፈች ቀስት ነበረችው። እሷን አይቻታለሁ፤ ጌጥ መስላኝ ነበር። ሽቦው በኋላ ሲነግረኝ፣ ይኼማ መንገድ ጠቋሚ ነው እማማ፣ ሱቅ በር ላይ እንደሚሰቀል ታፔላ፣ ዕቃው ያለው ውስጥ ብቻ ነው አለኝ። እንግዲህ ሁለት ያልኩት አንድ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄው ስለ መብራት ነው። ሥራው ለሚፈጀው ሁለት ሰዓት ተኩል መብራት እንዳይጠፋ፣ ይህ ሳጥን ባትሪ የለውም አለኝ። አይጠፋም አልኩት። ይኸውልህ፣ ግድግዳው ቤቱን ቢከፍለውም ቆጣሪው አንድ ነው፣ ያውም ያረጀ። የእሷ ካውያ በተሰካበት ሰዓት ከእኔ በኩል ሌላ ነገር ከተሰካ ይወርዳል። ስለዚህ አፍ ለአፍ ባንነጋገርም ደንብ አለን። መብራት የምትፈልገው ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ታንኳኳለች፣ ሌላዋ አንድ ጊዜ መልሳ እሺ ትላለች። በሁለት ዓመት ውስጥ የተነጋገርነው በዚህ ብቻ ነው።

ያን ቀን አላንኳኳሁም። ጠዋት የእጥበት ውኃዋን ደፍታው በእኔ ደጃፍ ወርዶ የደንበኛ ጨርቅ አበስብሶብኝ ነበር። ባንኳኳ የለመንኳት መሰለኝ። ደግሞም ዕለቱ ረቡዕ ነው፣ ረቡዕ የምታጥብበት ቀን ነው እንጂ የምትተኩስበት አይደለም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሽቦው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አስጀመረውና መቶ እስኪሞላ ቁጥሩን እያዩ ይቆዩ፣ ምንም እንዳይነኩ ብሎኝ ወደ ሱቁ ሄደ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አሥር ሲል አሥር እላለሁ፣ ሃያ ሲል ሃያ እላለሁ። ስድሳ ሦስት ላይ ከግድግዳው ወዲያ የካውያ ጠረጴዛዋ ሲዘረጋ ሰማሁ። ያ ሲጢጥ የሚለውን እግሩን ታውቀዋለህ። ሰማሁት እኮ ወንድሜ። ያኔም ቢሆን ሮጬ ማንኳኳት እችል ነበር። ለምን እንዳልተነሣሁ እስካሁን አላውቅም። ስክሪኑ ጥቁር ሆነና የሚያጓራው ነገር ዝም አለ።

እህታችን ቆጣሪውን ልታነሣ በእኔ በር መጣች፤ ግድግዳው ከቆመ ጀምሮ የመጀመሪያ መግባቷ ነው። ምነው አላንኳኳሽም፣ አፍሽን ዘጋሽው፣ እጅሽንም ዘጋሽው እንዴ? ለአስቸኳይ የመጣ የሰው ሸሚዝ ላዬ ላይ ተከምሮ አለች። ከዚያ ፊቴን አየች። የእማዬ ድምፅ ነበረበት አልኳት። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሽቦው ሦስት ቀን ታገለ፤ አልዋሽበትም። ሱቁ ወስዶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ሲጎረጉር ሰነበተ። ያንተ የድሮ ደብዳቤዎች ግማሽ ግማሻቸው ተገኙ፤ ፎቶዎችም ከወገባቸው በላይ ብቻ ሆነው ወጡ። የእማዬ ድምፅ የሚለውም ተገኘ። ስሙ አለ፣ ርዝመቱም ተጽፎበታል፣ ሲከፈት ግን ዝም ነው። ትልቅ ከተማ ያለ ባለሙያ ዘንድ ላከው፤ እሱም አንድ ሳምንት ይዞት ዲስኩ ራሱ አብቅቶለታል፣ አትድከሙ ብሎ መለሰው። ሽቦው ሳጥኑን ሲያመጣልኝ አልተቀመጠም። ይቅርታ እማማ፣ ፍላሹን በግድ ማስመጣት ነበረብኝ ብሎኝ ቆሞ ሄደ። ሱሪውንም አልወሰደም።

እህታችን በማግሥቱ ተመልሳ መጣች። እንግዲያው ያለችውን ንገሪኝ፣ አንቺ ሰምተሽዋል፣ እኔ ያን ቀን ልብስ ላደርስ ሄጄ ነበር አለችኝ። የያዝኩትን ጨርቅ መስፋቴን ቀጠልኩ። ይኼንንም ልትደብቂው ነው? ይኼንንም ለብቻሽ? ብላ በሩን ላዬ ላይ ዘጋችው። እኔ ግን የደበቅሁት የለም። ይህን ለእሷ መንገር አቅቶኝ ነው ለአንተ የምጽፈው።

እናታችን ለማሙሽ የምናገረው አለኝ ስትል አንተ በስልክ እንዳሳየኸኝ ማይኩን አልጋዋ አጠገብ አስጠግቼ ቀዩን ነጥብ ተጫንኩ። ማሙሽዬ፣ እንዴት ነህ አለች። ትበላለህ ወይ፣ ያ ሆድህ እንዴት ነው፣ ብርድ አለ ወይ፣ ጫማህ ውኃ ያስገባል ወይ አለች። እኔ እግርጌዋ ቆሜያለሁ። ሁለት ዓመት ያጠብኳት፣ ያገላበጥኳት፣ በማንኪያ ያጎረስኳት ቆሜያለሁ። አንተ ትምህርት ቤት ስትሄድ ውስጡ ምን እንዳለ ሳላውቅ ደብተርህን በጋዜጣ የሸፈንኩት እኔ ቆሜያለሁ። የእኔን ጫማ አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ቀጥላ፣ በል አሁን ዋናውን ልንገርህ አለች። በሩን በላይዋ ላይ ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። ሜዳው ላይ የተሰጣ ልብስ ስለቅም ቆየሁ። ስመለስ ጨርሳ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ቀዩን ነጥብ አጠፋሁት።

አርባ ሁለት ደቂቃ ይላል። እኔ የሰማሁት አራቱን ነው። ካረፈች በኋላ ስንት ጊዜ ከፈትኩት መሰለህ፤ ዋናውን ልንገርህ የምትለው ጋ ስደርስ እዘጋዋለሁ። የእኔ ስም ባይኖርበትስ ብዬ ፈራሁ። ቢኖርበትስ ብዬም ፈራሁ። ነገ እሰማዋለሁ፣ ልቤ ሲበርድልኝ እሰማዋለሁ እያልኩ ሦስት ዓመት አለፈ። ከዚያ አራት ደቂቃ ወዲያ ያለውን በዚህ ዓለም ላይ ያወቀ ሰው የለም። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ያልሰማኸውን ነገር ምን ያህል እንደሆነ ሳታውቅ እንዴት አድርገህ ይቅር ትለኛለህ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ መነጽር ነው ይህን ያጻፈኝ። አማትህን ዓይናቸውን ይማርልኝ በልልኝ። ትልቋን ልጅህን ሰላም በላት፤ አክስትሽ አንብባለች፣ የጻፍሽላት ሁለት መስመር ደርሷታል በላት። ሁለቱን ወንዶች ሳምልኝ፣ ያ ትንሹ አሁንም ጣቱን ይጠባ እንደሆን ተውት፣ ራሱ ይተወዋል። እህታችን ሰላም በይው አላለችኝም፤ እንደምጽፍልህም አታውቅም። ካውያዋ ከወዲያ በኩል ይሰማኛል። እሷንም ለብቻዋ ጻፍላት፤ እኔ የነገርኩህን አንተ ንገራት፣ ከእኔ አፍ አትሰማውም።

ታላቅ እህትህ

ከእናታችን ቤት፣ መንገዱን ከሚያየው ግማሽ፤ ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፯ ቀን