ባዘዘውን በገበያ እንድጠራ ስለተሰጠኝ ትእዛዝ

መጋቢት ፲፱፻፴ ዓ.ም.
ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ካለችው ከተማችን

ለክቡር የወረዳችን የጣልያን ገዥ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክብርነትዎን ጤና እጠይቃለሁ። የጮቄ ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አድርጎት ሰነበተ? ዘበኞችዎ በእጥፍ ከተጨመሩ ወዲህ እንቅልፍዎ ትንሽ ሻል እንዳለልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም ተመስገን ነው፤ ከተማው ጸጥ ብሏል፣ ውሻ እንኳ ድምፁን ቀንሶ ነው የሚጮኸው፤ ይህ ሁሉ በእርስዎ አስተዳደር የተገኘ ሰላም ስለሆነ ምስጋናችን ወሰን የለውም።

እኔ የቢሮዎ አስተርጓሚ አካለ ወልድ ነኝ። እርስዎ ያውቁኛል፤ ይህ ደብዳቤ ሲነበብ ለሚሰማው ለማያውቀኝ ሰው ስል ግን ታሪኬን ላሳጥረው። የደብረ ኤልያስ ልጅ ነኝ፤ ቅኔ ቤት ገብቼ ሳልጨርስ አዲስ አበባ ወረድኩና ከአንድ ጣልያናዊ አናጢ ዘንድ ስሠራ ቋንቋውን ቃረምኩ። አምና በየካቲት አዲስ አበባ በእሳት ስትጋይ እግሬ አውጪኝ ብዬ ዓባይን ተሻግሬ፣ በደጀን ወጥቼ አገሬ ገባሁ። እርሻውን ረስቼው፣ ድጓውን ሳልማረው፣ የምበላው አጥቼ ስንከራተት ክብርነትዎ አስጠርተው የመንግሥት ሥራ ሰጡኝ። እስከ ዛሬ በወጉ ሳላመሰግንዎ መቆየቴ ነውር ነውና ይቅርታ እየጠየቅኩ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ። የመንግሥት ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው አገሬው እንዴት እንደሚያከብረው በዓይኔ አየሁ። ያሳደገችኝ አክስቴ አመተ ማርያም፣ በልጅነቴ አፍንጫዬን በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግልኝ የኖረች ሴት፣ ሥራ በያዝኩ ሰሞን ልጠይቃት ብሄድ «ደህና ሰነበቱ ጌታው» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣችልኝ። ጠላ ቀዳችልኝ፤ አብራኝ ግን አልጠጣችም። ጠጅ ቤት ስገባ ጨዋታው ቀጥ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ሰው ሁሉ ፈቀቅ ስለሚልልኝ በቀኝም በግራም ቦታ ሞልቶኛል። እንዲህ ያለውን ክብር አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቢለፋም አላገኘውም ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ሥራው ቅለት አመሰግናለሁ። እኔ ቂሉ አስተርጓሚነት ማለት የሰውን ቃል ሳያጎድሉና ሳይጨምሩ ማድረስ ይመስለኝ ነበር። ክብርነትዎ ግን ከዚህ ሁሉ ድካም አሳረፉኝ። ገበሬው ስለተቃጠለ ጎጆውና ስለተነዳ ከብቱ ማርያምን እየጠራ ሲያለቅስ እርስዎ ሰዓትዎን ይመለከቱና በአጭሩ ንገረኝ ይሉኛል፤ እኔም ከብቱን ይፈልጋል እላለሁ፤ እርስዎም የለም በለው ይላሉ፤ እኔም የለም እለዋለሁ። ሰውዬው አመስግኖ ይወጣል፤ ሌላ ምን ያድርግ!

ሦስተኛውን ምስጋና ከመጻፌ በፊት ትንሽ ልተንፍስ።

በጥር ወር፣ ዱር የገባ ሁሉ ጠመንጃውን ይዞ ይግባ፣ ምሬዋለሁ የሚለውን አዋጅዎን ቅዳሜ ገበያ ቆሜ እንድጮህ አዘዙኝ፤ ጮኽኩም። የአገር ሽማግሌዎች ግን ወረቀቱን ዘወር ብለው አላዩትም፤ ዋሱ ማን ነው ብለው ብቻ ጠየቁ። ያን ጊዜ ለክብርነትዎ በሚገባ አስረድቼ ነበር። በእኛ አገር ሰው ከዱር የሚገባው በወረቀት ሳይሆን በሰው ነው፣ ጠሪው ዋስ ይሆናል፣ የተጠራው አንዳች ነገር ቢደርስበት ጠሪው በነፍሱ ይጠየቃል ብዬዎት ነበር። እርስዎም ሳቅ ብለው እንግዲያው አንተው ሁንላቸው አሉኝ። እኔም ማኅተምዎን አምኜ፣ ፊቴን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሬ፣ ዋሱ እኔ አካለ ወልድ ነኝ ብዬ በገበያው ፊት ተናገርኩ፤ በስሙም የጠራሁት አብሮ አደጌን ሙላትን ነው።

ሙላት በሳምንቱ መጣ። የአገሩን ደንብ ጠብቆ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጠመንጃውን ለእኔ አስይዞ ከፊትዎ ቆመ። ድንጋዩን ጣል ብለው ተቀበሉት፣ ሲጋራም ሰጡት፤ እሱ አያጨስም፣ እንዳይቀየሙት ብሎ ግን ተቀበለና ከጆሮው ላይ ሰካት። እኔ ቤት ሽሮ በልተን ስለ ሚስቱ ስለ ወለላና ዘንድሮ ስለሚያርሰው መሬት ሲያወራ አመሸ። ሲነጋ ወታደሮችዎ መጥተው ወሰዱት። ገበያው መካከል፣ እኔ ቆሜ በጠራሁበት ቦታ፣ መስቀያው ተተክሎ ነበር። ፍርዱን የፈረዱት እርስዎ ነዎት፤ በአማርኛ የነገርኩት ግን እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነዋ! ሙላት አልለመነም፣ አልተሳደበም። እኔን ብቻ አይቶ «አካሌ፣ ባዘዘውን እንዳትጠራብኝ» አለ። ባዘዘው ታላቅ ወንድሙ ነው፣ እስከ ዛሬም ዱር ነው ያለው። እርስዎ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም መንግሥትን ያመሰግናል አልኩዎት። የዚያን ቀን ራሴን ጠላሁ፤ እርስዎን ግን ክቡር ሆይ፣ ከራሴም አብልጬ ጠላሁዎት።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩ አስጠላኝ። በማግስቱ እኔም በተራዬ ድንጋይ ተሸክሜ ወደ ሙላት እናት ወደ እማሆይ ወለተ ኪዳን ደጅ ሄድኩ፤ ዋስ ነኝና የፈለጉትን ያድርጉኝ ብዬ ከደጃቸው ተደፋሁ። እማሆይ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ። ከዚያ «ጣለው ድንጋዩን» አሉኝ። «አንተን አስገድዬ ምን አገኛለሁ? ሙላቴን የጠራህበት አፍ አለህ አይደል? ባዘዘውን በሱ አስቀርልኝ።» ይህን ብለው ገቡና በሩን ዘጉት።

ክብርነትዎ ደግሞ ትናንት አስጠርተው፣ የፊታችን ቅዳሜ ባዘዘውን በስሙ እንድጠራው፣ በወንድሙ ላይ የደረሰው ስሕተት ነበር እንድል፣ ዋሱም እንደገና እኔው እንድሆን አዘዙኝ። እንዲያውም ይበልጥ እንዲታመን ብለው ሁለተኛ ማኅተም አከሉበት። ለዚህ ደግነትዎ እግዚአብሔር የእጅዎን ይስጥዎ።

ትእዛዝዎን እፈጽማለሁ። ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ከተለመደው ቦታዬ ቆሜ ባዘዘውን በስሙ እጠራዋለሁ። እሱ ባይኖርም ጨውና በርበሬ ሊገዙ የሚመጡት ሰዎቹ ይሰሙልኛል። የምለውም ይህን ነው፤ ባዘዘው ሆይ፣ አትግባ። ወንድምህን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ እሱም የእኔን ቃል አምኖ ገብቶ ነው የተሰቀለው። ማኅተም ቢያሳዩህ፣ ካህን ቢልኩብህ፣ እኔም ራሴ ታስሬ እያለቀስኩ ብለምንህ፣ አትግባ።

ይህ ደብዳቤ ከእጅዎ የሚገባው እኔ መጮህ ስጀምር ነው። ወዴትም አልሸሽም፤ የሙላት ዋስ ነኝና የሚመጣብኝን እዚያው ቆሜ እቀበላለሁ።

ባርኔጣዬን ከሚስማሩ ላይ ሰቅዬ፣ ለሚተካኝ ሰው ወንበሩን ወልውዬ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ በታላቅ ትሕትና የምሰናበትዎ፣

እስከ ትናንት ድረስ ታማኝ ምላስዎ የነበርኩት
አካለ ወልድ

ግልባጭ፦
ለደብረ ኤልያስ ደጀ ሰላም፤
ለመርጡለ ማርያም ደጀ ሰላም፤
ለቅዳሜ ገበያ ሕዝብ በሙሉ።

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ማን እንደሚያነብልዎ ሳስብ ለእርስዎ አዘንኩ። በከተማው ከእኔ ሌላ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ልጆች ስላሉትና እርስዎን ክፉኛ ስለሚፈራ፣ የፋሲካ መልካም ምኞት ነው ብሎ እንደሚያነብልዎ አልጠራጠርም፤ እንኳን አብሮ አደረሰን። ኋላ እውነቱ ሲደርስዎ ግልባጮቹን እነማን እንደጻፉልኝ በጅራፍ ያስጠይቁኝ ይሆናል። አይድከሙ፤ ከእንግዲህ ለእርስዎ የማንንም ሰው ስም አልጠራም።