በስሜ ያልተመዘገበው ስህተት

ውድ ብራውሊዮ፣

ስልክህ አለኝ፤ መደወል እችል ነበር። ግን አውቅሃለሁ። ገና «አንድ ነገር ልንገርህ» ስል በቀልድ ታቋርጠኝና ስቀን እንዘጋዋለን። ወረቀት ግን አያቋርጥም። የእጅ ጽሑፌ ዛሬም ዶሮ የጫረው ስለሚመስል ታገሰኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሳን ፔድሮ ውስጥ፣ በአገሬ ሰው ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዋናው የቤዝቦል ቡድን ጋር ተሰልፌ ተጫወትኩ። ሲያልቅ አንድ ጋዜጠኛ ማይክሮፎኑን አፌ ሥር ደቅኖ «ኔልፊ፣ ለዚህ ያበቃህ ማነው?» አለኝ። «እግዚአብሔርና እናቴ» አልኩት። ውሸት አይደለም። ግን ያንተ ስም እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰክቶ ቀረ።

ቦካ ቺካ አጠገብ ወዳለው አካዳሚ ስመጣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አንተ ሃያ ሁለት። በዚያ ግቢ ሃያ ሁለት ዓመት ሽምግልና ነው፤ ልጆቹ «አያቴ» ይሉህ ነበር። እኔ ሾርትስቶፕ ነበርኩ። ሯጮች ከሚረግጧቸው ቤዞች በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ቆሜ መሬት ለመሬት የምትመጣውን ኳስ እለቅማለሁ፤ ሯጩ ሳይደርስ አንደኛው ቤዝ ላይ ለቆምከው ላንተ እወረውራለሁ። ሥራችን ይኸው ነበር። አሰልጣኛችን ሊሳንድሮ «የዚህ ልጅ ክንድ መድፍ ነው» እያለ ለእንግዳ ሁሉ ያሳየኝ ነበር።

ከዚያ በግንቦት የወረወርኳት ኳስ የፌሊሲዮን መንጋጋ ሰበረች። ልምምድ ላይ ነበርን፤ እሱ የራሳችን ልጅ ነው፤ ወደ አንደኛው ቤዝ እየሮጠ ነበር። አጥንቱ ሲሰበር የተሰማውን ድምፅ አንተም ሰምተሃል። ፌሊሲዮ ጥርሱ በሽቦ ታስሮ፣ ሾርባ በቀጭን ቱቦ እየመጠጠ፣ በዓይኑ እየሳቀ ይቅር አለኝ። እጄ ግን ራሱን ይቅር አላለም። ኳሷን ስይዛት ጣቶቼ የሌላ ሰው ይሆኑብኛል። የምወረውራት ሁሉ አንተ ጋ ሳትደርስ አፈር ላይ ትወድቅ ጀመር።

አንተ ደግሞ ከአፈር እያወጣህ ትይዛታለህ። በጓንትህ፣ በደረትህ፣ አንድ ቀን በአገጭህ። አንዴ እንኳ ፊትህን አላጠቆርክብኝም።

«ወርውር፣ አንተ ሞኝ!» ትለኛለህ። «አፈሩን እኔ እበላዋለሁ!»

ጠዋት ጠዋት ሌሎቹ ሳይነሱ ሜዳ ይዘኸኝ መውጣት የጀመርከው ያኔ ነው። ልክ ልወረውር ስል ከማዶ ትጮሃለህ።

«ኔልፊ! ትናንት ምን በላህ?»

«ምን?»

«ምን በላህ ነው የምልህ! እየወረወርክ መልስ!»

«ማንጉ!»

«በምን?»

«በሽንኩርት! በተጠበሰ አይብ!»

ኳሷም ሳላስባት ጓንትህ ውስጥ ትገባለች። «አየህ» አልከኝ፣ «እጅህ ምንም አልሆነም። ጭንቅላትህ ነው ሥራ የፈታው፤ ሥራ ስጠው።» ጨዋታ ላይም ስትጮህ የተቃራኒ ቡድን ልጆች «ሁለቱም አብደዋል፤ ቁርስ ስጧቸው!» እያሉ ይስቁብን ነበር። እኔ ግን ከአሥር ኳስ ሰባቱን፣ ቆይቶም ስምንቱን ማድረስ ቻልኩ።

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደኝ ቀን ልምጣ።

የክለቡ ትልልቅ ሰዎች ከውጭ መጥተው ዳስ ሥር ተቀምጠዋል። የመጨረሻው ዙር ነው፤ በአንድ ነጥብ እየመራን ነው። ኳሷ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች፣ ሕፃን የሚይዛት ኳስ። አንተ ጮህክ፤ እኔ ግን አልሰማሁህም፤ የሰማሁት የፌሊሲዮን መንጋጋ ነው። ኳሷ አፈር መትታ ባንተ ጎን አለፈች። የተቃራኒው ቡድን ሁለት ሯጮች ገብተው ሁለት ነጥብ አገኙ፤ ተሸነፍን።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሊሳንድሮ መሐል ላይ ቆሞ «የማን ናት ያቺ ኳስ?» አለ።

«የኔ ናት» አልከው፣ እኔ አፌን ሳልከፍት። «ፀሐይ ዓይኔን መታኝ።»

እኔ የጫማዬን ክር እያየሁ ዝም አልኩ። ብራውሊዮ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ዝምታ የማፍርበት ነገር የለም።

በማግስቱ አሰናበቱህ። ሻንጣህን ስትዘጋ ክፍልህ መጥቼ «እነግረዋለሁ፤ አሁኑኑ ሄጄ እነግረዋለሁ» አልኩህ።

«ምን ልትነግረው?» አልከኝ። «ኳስ የምመታበት ዱላዬ ከመጋቢት ጀምሮ አየር ነው የሚመታው። እኔ እሄዳለሁ፤ አባቴም ጀልባው ላይ ሰው ይፈልጋል። አንተ ክንድ አለህ። አፍህን ዘግተህ ወርውር።»

አቅፈኸኝ ወጣህ። አንተ ከሄድክ በኋላ አንደኛው ቤዝ ላይ የቆመው ልጅ አይጮህም ነበር። ስለዚህ ራሴን በልቤ እየጠየቅኩ፣ ለራሴ እየመለስኩ እወረውር ጀመር። በወሩ እጄ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ፤ በማላውቀው ብርድ አገር ሁለት ዓመት፣ ረጅም የአውቶቡስ መንገድ፣ አሁን ደግሞ ይኸው።

ከቅዳሜው ጨዋታ በኋላ አላስችል ሲለኝ አካዳሚው ድረስ ሄጄ ሊሳንድሮን አገኘሁት። ሸብቷል። ስህተቱ የኔ እንደነበር ነገርኩት። ሳቀ።

«የኔ ልጅ፣ ያን ቀን እኮ ሰማዩ ዳመና ነበር» አለኝ። «እኔም ዓይን አለኝ።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን አሰናበቱት?»

«እሱማ ያለቀለት ነገር ነበር፤ ራሱም ያውቀዋል። ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ግን ሁለት ስም ነበር። የሱና ያንተ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እሱ ቀጠለ፤ «ያን ቀን ሁለታችሁንም ልሸኝ ወስኜ ነበር። እሱ ሲዋሽልህ ስሰማ ግን ቆም አልኩ። ኳስህን ሁሉ የተቀበለው እሱ ነው። እሱ አይቶብህ እኔ ያላየሁት ነገር ይኖራል ብዬ አንድ ወር ጨመርኩልህ።»

አንድ ወር። እጄ የተመለሰበት ያ ወር ያንተ ስጦታ ነበር ማለት ነው፤ እኔ እስከዚያች ደቂቃ አላወቅሁም። አንተስ ታውቅ ነበር? ብታውቅም እንደማትነግረኝ አውቃለሁ።

አመሰግንሃለሁ። ቃሉ ትንሽ ሆነብኝ፤ ሌላ ግን የለኝም። ስለበላኸው አፈር፣ ስላበጠው አገጭህ፣ ስለነዚያ ጠዋቶች፣ ስለ ውሸትህም አመሰግንሃለሁ።

ሰኞ ጨዋታ የለንም። አገርህ ሚቼስ ድረስ መጥቼ ጀልባህ ከባሕር እስክትመለስ ዳርቻው ላይ እጠብቅሃለሁ። በቀልድ ልታባርረኝ ብትሞክር ለዓሣ ገዢዎቹ፣ ለሚስትህና ለጎረቤቶችህ ሁሉ እየጮህኩ እነግራቸዋለሁ፦ ያቺ ኳስ የኔ ነበረች።

ወንድምህ
ኔልፊ
ሳን ፔድሮ ዴ ማኮሪስ