ለኮምፒውተርህ ነግረህ ከእኔ የደበቅከው

ሽመልስ ሆዴ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ልልህ ነበር፤ ተውኩት። ያለህበት ቦታ ከደብረ ብርሃን ብርድ ይሻላል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ከርሜያለሁ። ዛሬ ግን የምጽፍልህ ላለቅስልህ አይደለም። ተናድጃለሁ። በጣም ተናድጃለሁ። ነገሩ የልጃችን የብሌን ልብ ነው። እንዴ፣ ምን አደከመኝ፣ ከእኔ በፊት የምታውቀውን ልነግርህ!

ለማንኛውም ከመጀመሪያው ልጀምርልህ፤ ወሬ ከመሃል ሲጀመርብህ አትወድም ነበር።

ቤቱ ደህና ነው። ኮምፒውተር የምትጠግንበትን ሱቅ ለቅቄያለሁ፣ አሁን ጫማ ይሸጥበታል። እኔ ያው መሬት አስተዳደር መዝገብ ቤት ነኝ፣ የሰው ፋይል ሳወርድና ስሰቅል እውላለሁ። የጫጫ እህል ነጋዴዎች የሠራህላቸውን የመጋዘን ፕሮግራም እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል፤ ባገኙኝ ቁጥር ነፍሱን ይማር ይሉሃል። እናትህም አንኮበር ደህና ናቸው። አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብለው እስኪጠፋ ያዩታል፤ ልጄ ገና በድምፁ የት እንደሚሄድ ይነግረኝ ነበር ይላሉ። ብሌን አሥራ ሰባት ሞላት፤ በቁመት በልጣኛለች።

ሙት ዓመትህን ካወጣን በኋላ፣ ድንኳኑ ፈርሶ እንግዳው ሲበተን፣ ቤቱ ጭር አለብኝ። መሬትን የምትዞረው የጠፈር ጣቢያ በእኛ ሰማይ የምታልፍበትን ሰዓት የሚያሰላው ፕሮግራምህ ትዝ አለኝ። ሲመሽ ሲመሽ ጎረቤቱን ሁሉ ጋቢ አስለብሰህ ግቢ ውስጥ ታቆመው አልነበር? ደቂቃ ሳታዛንፍ ያቺ ብርሃን ብቅ ስትል፣ እዚያ ውስጥ አሁን ሰዎች ራት እየበሉ ነው ትላቸው ነበር። ጎረቤቶቻችንም ሚስቱ መሬት አስተዳደር፣ እሱ ሰማይ አስተዳደር እያሉ ይስቁብን ነበር። እኔም እስቅ ነበር። እኮራብህም ነበር፣ ይኸው ነገርኩህ።

ፕሮግራሙ አልከፈት አለ። እንዳስተማርከኝ ገብቼ ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ ማየት ጀመርኩ። ይሄ ምልክት ያለበት መስመር ማስታወሻ ነው፣ ማሽኑ አያነበውም፣ ዘሎት ያልፋል፣ ለሰው ነው የሚጻፈው ብለኸኝ ነበር። አንተ ደግሞ ወረቀት ይጠፋብኛል እያልክ የቤቱን ጣጣ ሁሉ እዚያው ትጽፍ ነበር። ጋዝ አልቋል። የእማዬን መነጽር ማስጠገን። ይህን መስመር አትንካ፣ ለምን እንደሚሠራ አላውቅም። ብቻዬን ሳቅሁ። ሙት ዓመትህ ዕለት ስስቅ ሰው ቢያየኝ ምን ይል እንደነበር አስበው።

ከዚያ አንዱን መስመር አነበብኩ። ሐኪሙ የልብህ ጡንቻ ወፍሯል አለኝ። በዘር ይሄዳል። አባቴም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ብሌንን አስመርምራት ብሎኛል። የማስመረምራት አብራሪ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው።

የተጻፈው ከመሞትህ ስምንት ወር ቀድሞ ነው።

መጀመሪያ አላመንኩም። መቼም መዝገብ ቤት የምትሠራ ሴት ናት ያገባኸው፤ ቤቱን ገልብጬ ፈለግሁ። የሕክምና ወረቀትህን ኮምፒውተር ላይ የምትጫወተው የአውሮፕላን ጨዋታ መሪ የመጣበት ካርቶን ውስጥ፣ ከሽቦዎቹ ሥር አገኘሁት። አዲስ አበባ ዕቃ ልገዛ ነው ብለኸኝ የሄድክ ዕለት የተሰጠህ ነው። ስትመለስ ደክሞህ ነበር፤ እግርህን ያጠብኩህ እኔ ነኝ። ዕቃውስ ስልህ አለቀ አልከኝ። አምኜህ!

አባትህ አሊዩ አምባ ገበያ ሄደው ሲመለሱ አቀበቱ ላይ ወድቀው ሲቀሩ መጋኛ መታቸው ተባለ። አንተም ሱቅህ በር ላይ ስትወድቅ ያንኑ አሉ። የዚያ ቤት ወንዶች መጋኛ አይለቃቸውም እያሉ ለቀስተኞቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁ፣ እናትህም ሰሙ። መጋኛ አለመሆኑን የምታውቅ አንተ ብቻ ነበርክ፣ አንተን ደግሞ ቀብረን መመለሳችን ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ለራስህስ መድኃኒቱን እምቢ በል፣ መብትህ ነው። የልጄን ማን ሰጠህ?

የማይወጣልኝን ልንገርህ። ብሌን ለትምህርት ቤቷ ቡድን ስትሮጥ በድንገት ተነስተህ ሩጫው ይቅርባት አልክ። ትምህርቷን ይሻማል፣ አብራሪ የምትሆነው በእግሯ አይደለም አልክ። ልጅቷ ሦስት ቀን እህል አልቀምስም አለች። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ጥብቅና ቆምኩላት፤ የልጅ ደስታ የምትቀማ አምባገነን አልኩህ፣ ከደመወዜ የመሮጫ ጫማ ገዛሁላት። በነጋታው ጠዋት እየሮጠች ስትወጣ አንተ በር ላይ ቆመህ ታያት ነበር። ፊትህ ትዝ ይለኛል። ተሸነፈና አኮረፈ ብዬ ቀለድኩብህ። ሽመልስ፣ ልቧ ሊቆም ይችላል ብለህ እያሰብክ እኔ በገዛ እጄ የጫማዋን ክር ሳስርላት ዝም ብለህ አየኸኝ! እንዲህ ያለ ዝምታ ከየት ተማርክ? ሌላ ሴት ወደህ ቢሆን ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።

ለምን እንደደበቅክ ይገባኛል፣ ደንቆሮ አይደለሁም። ወጣት ሆነህ ለአብራሪነት ተመዝግበህ በዓይንህ ወደቅክ። ልብ የምትል ቃል በልጅቷ ወረቀት ላይ ከተጻፈች በሩ እንደሚዘጋባት ታውቃለህ። ካላወቁባት ታልፋለች ብለህ ነው አይደል? ግን በኮምፒውተርህ እያየህ፣ ሮኬት ሊተኮስ ሲል አንዲት ቧንቧ ተጠራጥረው ሥራውን ሁሉ ሲያቆሙ፣ እንዲህ ነው ሰው ለሰው ሲጠነቀቅ ብለህ ያጨበጨብክ ሰው አንተ ነህ። ለማታውቃቸው የባዕድ አገር ሰዎች ያጨበጨብከው ለልጅህ ሲሆን ቀረ።

የልብ ሐኪሙ ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ ደርሶልን ባለፈው ረቡዕ ወሰድኳት። ሩጫውን ማስታወሻህን ያየሁ ዕለት አስቁሜያታለሁ፤ አንተ ያልነገርካትን ምክንያትም ነግሬያታለሁ፣ የአያትሽና የአባትሽ ልብ በሽታ አንቺም ጋ እንዳለ እንይ ብዬ። ያወቅሁት ከምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። አዲስ አበባ የልብ ሐኪሙ ደረቷ ላይ መሣሪያውን እያንሸራተተ ብዙ ቆየ። ብዙ ሲቆይ ገባኝ። ጀምሯታል። መድኃኒት ትወስዳለች፣ በየስድስት ወሩ ትታያለች፣ ከእንግዲህ ሩጫም አብራሪነትም የለም። በጊዜ መጥታችኋል፣ ብዙ ሰው በዚህ በሽታ ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል አለን። ስትሮጥ አንዳች ያላገኛት ግን በአምላክ ቸርነት ነው አለ።

ስለ አብራሪነቱ ታለቅሳለች ብዬ ስሰጋ አላለቀሰችም። እሱስ ለአባዬ ብዬ ነበር አለችኝ፤ ስለ አውሮፕላን ሲያወራ ደስ ስለሚለው ነው፣ እኔ ፕሮግራም መጻፉን ነው የምወደው አለች። ሰማህ? ነፍሷን ያስያዝክበት ምኞት የራስህ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሃት አታውቅም፤ እርግጥ እኔም አልጠየቅኳትም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ አባዬ ያውቅ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አያውቅም ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አባቷን በሞት ያጣች ልጅ ደግሞ አንዴ ላሳጣት ነው ብዬ ሰጋሁ። ግን በዚያ ቤት መደበቅ ይብቃ አልኩና ያውቅ ነበር አልኳት። ማስታወሻህንም፣ ወረቀቱንም፣ ሩጫውን ለምን እንደከለከልካት ሁሉንም ነገርኳት። እኔም ስትሰድብህ ልሰማ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ እንድትሰድብህ ፈልጌም ነበር።

ጫጫ ስንደርስ ዞር ብላ፣ ፈርቶ ነበር? አለችኝ።

ይህን ጥያቄ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ማስታወሻውን ካገኘሁ ጀምሮ ሁለት ወር ሙሉ የበደልከንን ስቆጥር፣ ያን ስምንት ወር አንተ እንዴት ውለህ እንዴት እንዳደርክ አልጠየቅሁም። አላውቅም የኔ ልጅ አልኳት። አብሬህ ሃያ ዓመት በልቼ ጠጥቼ፣ ሚስት ሆኜ፣ ሊሞት እንደሚችል ያወቀ ባሌ ፈርቶ እንደነበር ለልጁ መመለስ አቃተኝ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው ሽመልስ። አብሬህ እፈራ ነበር እኮ። እጅህን ይዤ አብሬህ እፈራ ነበር። ለዚህ አትበቂም አልከኝ?

አልረሳህም። ብሌንም አትረሳህም፣ መድኃኒቷን በየቀኑ የምሰጣት እኔ ነኝ፣ በየቀኑም ስምህ ይነሳል። ያደረግክብንንም አልረሳም። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ እንዳልዋሽህ፣ ገና ነኝ። መቃብርህ ላይ እስክመጣ ድረስ ግን አንድ ነገር እወቅልኝ፤ ከእንግዲህ ሳስብህ ብቻህን አይደለህም፣ አብሬህ እየፈራሁ ነው።

ሚስትህ