የልጄ የሴፋኮር የሪፈር ወረቀት ጊዜው ሳያልፍ እንዲፈረምልን

ቀን፦ ኦክቶበር 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.
ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በቢሮዎ ስለተያዘብን የሪፈር ወረቀት

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ ያዋ አግቤኮ፣ በዴጎኮፔ መንደር ባሕር ዳርቻ ዓሣ በጭስ እያደረቅሁ የምኖር የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት ነኝ። ልጄ ሴፋኮር ከመረብ ጎታቾች ጋር ገመድ ትስብ ነበር። በእኛ ዘንድ ገመድ የያዘ ሰው መረቡ አሸዋ ሳይነካ አይለቅም፤ የለቀቀ መሳቂያ ይሆናል። ኤፕሪል 22 ቀን ማዕበሉ መረቡን ወደ ኋላ ሲወስደው አልለቀቀችም። ስትጮኽ ጓደኞቿ «ልቀቂው እንጂ ሴፋ፣ ባል አደረግሽው እንዴ!» ብለው ሳቁባት። ቀኝ ትከሻዋ ወልቆ ነበር።

2. የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሱ ከወንበሩ ሳይነሳ «ወለምታ ነው እማማ፤ ቅባቱን እሹበት» አለኝ። ልብሷን ዝቅ አድርጎ ሁለቱን ትከሻ ቢያስተያይ፣ አንዱ ክብ፣ ሌላው እንደ ሣጥን ጠርዝ መሆኑን ባየ ነበር። ይህን ያሳየኝ ከአምስት ወር በኋላ የመጣ ሐኪም ነው።

3. ዘጠኝ ቀን በቅባቱ አሸናት። በአሥረኛው የገመዱ አለቃ ኮምላ «ገመድ ያወጣውን ገመድ ይመልሰዋል» አለ። የእጇ አንጓ ላይ ጨርቅ ጠቅልለው ገመድ አሰሩ፤ ስድስት ወንዶች ሳቡ። መረብ ሲሳብ ዘፈን የማወጣው እኔ ነኝ። ያን ቀንም አወጣሁ፤ ጩኸቷን እንዳልሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አጥንቱ ገባ። እጇ ግን ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

4. ሐኪሙ ነርቩ መጎዳቱንና ስድስት ወር ሳይሞላው ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ተስፋው እንደሚመነምን ነግሮን ሪፈር ጻፈ። ቢሮዎ «ጉዳቱን ያደረሰው ቤተሰቡ ስለሆነ ይጣራ» ብሎ ያዘው። ክቡር ሆይ፣ የሚጣራ ነገር የለም። እነሱ ጎትተዋል፤ እኔ ዘፍኛለሁ። የጤና ጣቢያውን ነርስ ጥፋትም ጨምራችሁ በእኔ ስም ጻፉት። ወረቀቱን ግን ፈርሙልን። እጇ በገመድ ከተሳበበት ቀን ሲቆጠር ስድስት ወሩ ሊሞላ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

5. ጸሐፊዎ «በጽሑፍ አምጪ እማማ» ብላ ሦስት ጊዜ መልሳኛለች፤ ይኸው በጽሑፍ አመጣሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ያስተማረችኝ ሴፋኮር ናት፤ ቀኝ እጇን በእጄ ላይ ጭና መስመር ታስይዘኝ ነበር። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ በዓይኗ ብቻ ተከተለችኝ። ጽሕፈቴ ከመስመር ቢወጣ የያዘኝ እጅ ስለሌለ ነው።

ከአክብሮትና ከእናት ሰላምታ ጋር፣

ያዋ አግቤኮ
(በአሻራ ሳይሆን በእጄ የፈረምኩ)