ባዶ አልጋ ያለበት ቤት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ዓይንሽስ እንዴት ሆነልሽ? ፋሻው ገና እንዳልተፈታ ሰምቻለሁ። እስከዚህ ያነበብሽላት አስታማሚ እህቴ፣ ውለታሽን ፈጣሪ ይክፈልሽ፤ ግን እዚህ ላይ አቁሚና ወረቀቱን አጥፈሽ ትራሷ ሥር አድርጊላት። ፋሻው ሲፈታላት ራሷ ታንብበው። አደራ።

አሁን ብቻችንን ነን፣ እማዬ።

እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ቤቱም ደህና ነው። የጓሮው በር እንደ አመሉ በእግር ካልገፉት አይዘጋም። ጎረቤታችን አዋላጇ ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ስለ እሷ በኋላ አጫውትሻለሁ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሰው ጎርፏል። ትምህርት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ወንበሮቹ እንኳ መኝታ ሆነዋል። እኛ የእርዳታ ሠራተኞቹም እንደ ፖስተኛ ሰፈር ለሰፈር እየዞርን ለተፈናቃዮቹ አስጠጊ ቤት እንለምናለን። አሠራራችንን ታውቂዋለሽ፤ ባዶ አልጋ ያለበት ቤት ይቀድማል። ሰው ወለል ላይ ከሚተኛ አልጋ ላይ ቢተኛ ይሻላል ብለን ያወጣነው ደንብ ነው፤ እኔም አጨብጭቤ ነው የተቀበልኩት። ዱቄቱና ዘይቱ ለእንግዳውም ለአስጠጊውም ነው። ብርድ ልብሱን ደግሞ ሁለቱ ጫፍና ጫፉን ይዘው አብረው ይረከባሉ፤ አንዱ ሰጪ ሌላው ለማኝ ሆኖ እንዳይተያዩ። ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ትንሽ ልኩራበት።

ግን አልጋው ለምን ባዶ እንደሆነ አንድም ቤት ጠይቀን አናውቅም። ሰው የሌለበት አልጋ ሁሉ ትርፍ መሰለን።

ሰሞኑን እንግዶቹ እንዴት እንደሰነበቱ ለማየት ስዞር ልብስ ሰፊው ቤት ያስገባነውን ጎረምሳ አገኘሁት። የልብስ ሰፊውን ልጅ ኮት ለብሷል። ልጁ ከሄደ ቆይቷል፤ የት እንደሄደ በዚያ ቤት አይወራም። ኮቱ ልክክ ብሎበታል። ተመችቶህ ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው አባቴ እኮ ደግ ነው አለኝ። አስጠጊህን ማለትህ ነው ወይ እንዳልለው ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። ሌላ ቤት ደግሞ አንዲት ባልቴት እንግዳዋን በማላውቀው ስም ስትጠራት ሰማሁ። ስሟ ይህ አይደለም እኮ ብዬ ትክክለኛውን ብነግራቸው ሁለቱም ያልሆነ ነገር እንደተናገረ ሰው አዩኝ። ሾፌራችን፣ በጩኸቱ ጥሩምባ የምንለው፣ እኔንም እስቲ አንድ ሀብታም ሞቶበት ያዘነ ቤት አስገቡኝ፣ መኪናው ልኬ ነው አለ። ሳቅን። ወደ ቢሮ ስንመለስ ግን ጥሩምባ አንዴም ክላክስ ሳያሰማ ነዳ።

ሴትዮዋ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። በአንቺ ዕድሜ ትሆናለች፣ ቀጠን ያለች፣ ነጠላ ጫማዋን በገመድ ያሰረች። ለቤት ስንጠራት አትነሣም። አንድ ቤት አገኘንላት፣ እምቢ አለች። ከዚያ የተሻለ አገኘን፣ እሱንም እምቢ። ጥሩምባ ሆቴል አማረዎት እንዴ ብሎ ቢያፌዝባት ቀና ብላም አላየችው። የምታየው እኔን ነው። ሳሙና ሳድል፣ ስጽፍ፣ ውሃ ስጠጣ ታየኛለች። በመጨረሻ እናቴ ምን ልርዳዎት ብዬ አጠገቧ ቁጢጥ ብል፣ እንዲህ እናቴ ስትዪኝ ደስ ይለኛል፣ ግን ለሁሉም እንደምትዪው አትበዪኝ አለችኝ።

ከዚያ ነገረችኝ። በፊተኛው ስደት መንገድ ላይ ልጅ ጠፍታባታለች። ትኩሳት ይዟት በሰው ትከሻ ላይ ነበረች፤ ሕዝቡ ሲተራመስ ተሸካሚውም ልጅቷም ጠፉ። ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ስንቱ ብሎኛል፤ ሐዘን ሰውን ከሰው ያመሳስላል። ተሳስተዋል፣ እናቴ ዓይኗን ልትታከም ሄዳ ነው እንጂ አለችልኝ አልኳት። ምልክት ካለዎት ይንገሩኝም አልኩ፤ አሠራራችን ነው። ተቆጣች። ልጅ የጠፋ በግ አይደለም፣ ምልክት አልቆጥርልሽም አለችና ፊቷን አዞረች።

ቤት ገብቼ ያልነበረብኝን አመል ጀመርኩ፤ ቤታችንን እንደ ሰው ቤት ማየት። ካንቺ አልጋ በላይ ያለውን፣ ከመታመሜ በፊት የተነሣሁትን ፎቶዬን አወረድኩት። የድሮ ቀሚሶቼን ከሣጥን አወጣሁ። ሁሉም ጠርዛቸው ተፈትቶ ረዝሟል፤ ክሩ ከጨርቁ አዲስ ነው። ልጅ ሲያድግ ይረዝማል፣ ምን ይገርማል አልኩ። ግን ስታመም ለብሼው ከዚያ ወዲያ እንዳላጠለቅሁት የነገርሽኝም ቀሚስ ረዝሟል። ተስቦ ይዞሽ ከትምህርት ቤት መጣሽ፣ ራስሽን ሳታውቂ ከረምሽ ብለሽኛል። ያም ጊዜ ሰው በጎረፈበት ወራት ነበር። ከዚያ በፊት ያለውን ልቤን ብፈትሸው የማገኘው ሁሉ አንቺ የነገርሽኝን ነው፤ በአንቺ ቃል፣ በአንቺ ድምፅ። የራሴ የሆነ አንድ ሽታ እንኳ ፈልጌ አጣሁ።

አዋላጇ መጥታ ሾርባ አቀረብኩላት። ፎቶውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ፣ ይቺ ልጅ እኮ ግራኝ ነበረች አለች። ይህን ያለችው ማንኪያ የያዘውን ቀኝ እጄን እያየች ነው። በሽታ ቀይሮኝ ይሆናላ ብዬ ልስቅ ሞከርኩ። እሷ አልሳቀችም። ሾርባዋን ሳትጨርስ ሥራ አለብኝ ብላ ወጣች። ፈራሁ፣ እማዬ። የፈራሁት ሌላ ሰው መሆንን አይደለም፤ አንቺን ማጣትን ነው።

እንዲህ እያልኩ ሳለ ዝናቡ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ገነጠለውና ሁሉም በዚያው ቀን ቤት እንዲገባ ታዘዘ። ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ ብቻ ቀረች። በመንደሩ የቀረው ባዶ አልጋ ደግሞ ያንቺ ነው። ደንብ ነው አልኩ ለጥሩምባ። ውሸቴን ነው፤ ልቤ ነው ያመጣት። ይቅር በይኝ።

በራችን ላይ ጥሩምባ የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ ለእሷ ሰጥቶ ሌላውን ለእኔ ዘረጋ። አስጠጊዋ እኔ ነኛ። ያዝኩት። ከገባን በኋላ ሳንነጋገር ማጠፍ ጀመርን። አንቺና እኔ አንሶላ ስናጥፍ እኔ በዚህ አንቺ በዚያ እየዞርን እንደምንጋጭና እንደምንስቅ ታውቂ የለ? ከእሷ ጋር አልተጋጨሁም። እኩል ሳብነው፣ እኩል አጠፍነው፣ እኩል ተጠጋን፤ ጣታችን ሲነካካ ጫፉን ከእጄ ወሰደችልኝ። ማንም እጄን እንዲህ አላስተማረኝም። ቢያንስ አንቺ አላስተማርሽኝም።

እሷም ተሳስቼ ይሆናል፣ አስቸገርኩሽ ብቻ አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ልጄ ብላኝም አታውቅ። ሳህኗን ታጥባለች፣ ደጁን ትጠርጋለች። የጓሮውን በር በመጀመሪያው ቀን ማንም ሳይነግራት በእግሯ ገፍታ ዘጋችው። ፎቶውን አይታ ግን አለቀሰች። ይቺ ደግሞ የማን ናት፣ የት ደረሰች ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? አንቺ በዓመት አንድ ቀን በርሽን ዘግተሽ የምትውይበትን ቀን አሰብኩ። ራስ ምታት ነው ትዪኝ ነበር። በዚያች ልጅ ስም ስጠራ፣ ቀሚሷን ስለብስ፣ አልጋዋ ላይ ስተኛ ኖሬ ከሆነ፣ አንድ ቀን መጥታ በሩን ብታንኳኳ የት ትተኛለች? ይህን ሳስብ በሩ የተንኳኳ ይመስለኛል። ሄጄ እከፍታለሁ። ሰው የለም።

ጨክኜብሽ እንዳይመስልሽ። ተንከራትተሽ ያሳደግሽኝ፣ ስታመም በማንኪያ ያጎረስሽኝ አንቺ ነሽ። ይህን ማንም አይወስድብሽም፤ እኔም አልሰጥም። ግን ስትመጪ እውነቱን ንገሪኝ። ከአፍሽ ካልሰማሁ አላምንም፤ አንቺ አይደለም ካልሽኝ ሴትዮዋን ሌላ ቤት እወስዳታለሁ፣ ዳግመኛም አላነሣውም።

እንዲህ ብዬ ልዘጋው ነበር ትናንት። ደብዳቤውን ሳልልከው አደርኩ። ዛሬ ጠዋት ገና ከእንቅልፌ ሳልነቃ ካንቺ ክፍል ሴት ተጣራች። እኔን መሆኑን ሳላስብ አቤት አልኩ። ተነሥቼ እግሬ መሬት ከነካ በኋላ ነው የነቃሁት።

እማዬ፣ የጠራችኝ አንቺ በምትጠሪኝ ስም አይደለም።

ብርሃንሽን ይመልስልሽ። በደህና ገብተሽ ቤትሽን ለማየት ያብቃሽ። ስትመጪ የምትተኚው ከእኔ ጋር ነው፤ አልጋው ይበቃናል።

ያው ልጅሽ